ስለ ዕቃ መጫኛና ማራገፊያ የአርማታ መድረክ

የነጋዴ ሥራ በሒሳብ የሚመራ ሥራ ነው። አስመጪው የዕቃውን ዋጋ፣ የመርከቡን ኪራይ፣ የጉምሩኩን ቀረጥና የመኪናውን ማጓጓዣ እያንዳንዱን በየመደቡ ይጽፋል። ላኪውም ቡናውን ወይም ሰሊጡን ከገዛበት ቀን አንሥቶ መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ያወጣውን ወጪ በዝርዝር ያውቃል። ነገር ግን ዕቃው ከመኪናው ወለል እስከ መጋዘኑ ወለል በሚጓዝባት በዚያች ጥቂት ሜትር መንገድ ላይ የሚወጣው ገንዘብና የሚደርሰው ጉዳት ለብቻው ተመዝግቦ የሚገኘው ከስንት አንድ ነው። የጫኝና አውራጅ ዋጋ ይጻፋል፤ የተቀደደው ጆንያ፣ የረጠበው ካርቶን፣ የተሰበረው ጠርሙስ፣ ቆሞ የዋለው መኪናና ወገቡን የታመመው ሠራተኛ ግን የዕድል ነገር እየተባለ ይታለፋል። ይህ ኪሳራ የዕድል ነገር አለመሆኑና አብዛኛውም በልኩ በተሠራ የአርማታ መድረክ ሊቀር የሚችል መሆኑ ከዚህ በታች ይገለጻል።

የኮልፌ ቀራንዮ ሁኔታ

የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በአዲስ አበባ ምዕራብ የሚገኝ ሲሆን፣ በስተ ምሥራቅ መርካቶ ካለበት ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ጋር ይዋሰናል። ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ በአየር ጤና በኩል ወደ ዓለም ገናና ሰበታ ይወጣል፤ ወደ አምቦና ወደ ወለጋ የሚወስደውም በአስኮና በቡራዩ በኩል ያልፋል። ስለዚህ ከምዕራቡ አገር የሚመጣው ቡና፣ እህልና እንጨት፣ ከመርካቶም ወደ ምዕራብ የሚሄደው ጨርቅ፣ ቆርቆሮ፣ ሳሙናና ስኳር ብዙው በዚህ አካባቢ ያልፋል፤ ከፊሉም በዚሁ ይራገፋል፣ ይከማቻል፣ ደግሞም ይጫናል። በአጠና ተራ የሚታየው የአጠናና የግንባታ ዕቃ መጫንና ማራገፍ ለዚህ አንዱ ምስክር ነው።

ቦታው ለንግድ የተመቸ ቢሆንም ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛው፣ መሬቱ ተዳፋት የበዛበትና ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ በሚወርዱ ጅረቶች የተከፋፈለ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንበው ዝናም ብርቱ መሆኑ ነው። መጋዘን የሚሠራ ሰው እነዚህን ሁለቱን ካላሰበባቸው ጠላት ይሆኑበታል፤ ካሰበባቸው ግን በተለይ ተዳፋቱ ወጪ የሚቀንስለት ረዳት ይሆነዋል። ይህም በቦታው ይነገራል።

መድረክ ምንድር ነው?

አንዳንዶች በውጭ አገር ቃል ዶክ ወይም ራምፕ የሚሉት የመጫኛ መድረክ ከመጋዘኑ በር ፊት ለፊት በመኪናው ወለል ከፍታ የሚሠራ ጠንካራ ሰገነት ነው። መኪናው ተጠግቶ ሲቆም የመኪናው ወለል፣ መድረኩና የመጋዘኑ ወለል አንድ መስመር ይሆናሉ። በዚህ ጊዜ ዕቃው ወደ ላይ መነሣቱና ወደ ታች መውረዱ ይቀርና በእጅ ጋሪ ወይም በፎርክሊፍት ተገፍቶ ይገባል።

አሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ ፉርጎ በወለሉ ልክ ከተሠራ መድረክ ጋር ሲገጥም ሥራው እንዴት እንደሚቀል የባቡር ጣቢያን ሥራ የሚያውቅ ነጋዴ ሁሉ የተረዳው ነገር ነው። የቀድሞው ሐዲድ ከአዲስ አበባ የሚያደርገውን ጉዞ ያቆመ ሲሆን፣ በእርሱ ፋንታ አዲሱ የአዲስ አበባና የጂቡቲ የምድር ባቡር በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት ጀምሯል። ሆኖም ፉርጎና መኪና አንድ አይደሉም። የፉርጎ ወለል ከፍታ አንድ ዓይነት ነው፤ ወደ ነጋዴው መጋዘን የሚመጡት መኪናዎች ግን ልካቸው ልዩ ልዩ ነው። በመድረክ ሥራ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚሁ ላይ ነው።

መድረክ በሌለበት የሚደርሰው ጉዳት

10 ቶን ሲሚንቶ ማለት ባለ 50 ኪሎ 200 ከረጢት ነው። መድረክ በሌለበት ቦታ እያንዳንዱ ከረጢት ከመኪናው ላይ በሰው ትከሻ ወርዶ፣ በጓሮው ተሻግሮ፣ እንደ ገና ወደ ክምሩ ይነሣል። ይህም 200 ጉዞ ነው። ወለሉ የገጠመ መድረክ ካለ ግን 5 ከረጢት በሚይዝ የእጅ ጋሪ 40 ጉዞ ይበቃል። ልዩነቱን ለማየት ሌላ ሒሳብ አያስፈልግም።

የሰውን ጉዳት በተመለከተ፣ የዓለም የሥራ ድርጅት በ1959 ዓ.ም. ባወጣው ምክር አንድ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ሠራተኛ በእጁና በትከሻው የሚሸከመው ከ55 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ አመልክቷል። ለውጭ አገር የሚላክ አንድ ጆንያ ቡና 60 ኪሎ ነው፤ አንድ ኩንታል እህል 100 ኪሎ ነው። እንግዲህ በየቀኑ በመጋዘኖቻችን ደጅ የሚታየው ሸክም ከዚያ ልክ ያለፈ፣ አንዳንዱም እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የወደቀ ሠራተኛ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነው፤ ጉዳዩ የሕግ ብቻ ሳይሆን የኅሊናም ነው።

የጊዜው ኪሳራ ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ከብዷል። በአዲስ አበባ የከባድ ጭነት መኪናዎች የቀን እንቅስቃሴ በ2011 ዓ.ም. በሰዓት ከተገደበ ወዲህ ብዙ ነጋዴ ዕቃውን በሌሊት ማራገፍ ግድ ሆኖበታል። በጨለማ፣ በጭቃና በመሰላል የሚራገፍ ዕቃ ሳያልቅ ሲነጋ መኪናው ሌላ ቀን ይውላል። ዕቃው በኮንቴይነር የመጣ እንደ ሆነም ባዶው ኮንቴይነር በተወሰነለት ቀን ካልተመለሰ የመዘግየት ክፍያ ይከተላል። በዚህ ምክንያት የሚቸኩል አውራጅ ጆንያ ይቀድዳል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለውም ይሆናል።

ከፍታውን የሚወስነው መኪናው ነው

መድረክ ለማሠራት ያሰበ ባለ መጋዘን ከሁሉ በፊት ማድረግ የሚገባው ግንበኛ መጥራት ሳይሆን ሜትር ይዞ ደጁ ላይ መቆም ነው። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ መጋዘኑ የሚመጡትን መኪናዎች ሁሉ ወለላቸው ከመሬት ስንት ሣንቲ ሜትር እንደሚርቅ፣ ተጭነው ሲመጡና ባዶ ሲሆኑ ለይቶ ይጻፍ። መኪና ሲራገፍ ሞላው እየተነሣ ስለሚሄድ የወለሉ ከፍታ በሥራው መካከል ይለወጣልና ሁለቱም ልክ ያስፈልጋል።

በግምት ሲታይ፣ በተለምዶ አይሱዙ የሚባሉት ቀላል የጭነት መኪናዎች ወለል ከ90 ሣንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር አካባቢ ነው። መካከለኞቹና ትልልቆቹ ከ1 ሜትር ከ10 እስከ 1 ሜትር ከ30 ይደርሳሉ። ኮንቴይነር የሚሸከሙት ረጃጅም መኪናዎች ደግሞ ከ1 ሜትር ከ30 እስከ 1 ሜትር ከ50 ይሆናሉ። በብዙ አገር የተለመደው የመድረክ ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ሣንቲ ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን ይህ ልክ ለትልልቅ መኪናዎች የተወሰነ በመሆኑ፣ ደንበኞቹ ሁሉ በቀላል መኪና የሚመጡበት የጅምላ ነጋዴ ይህንኑ ሳይመረምር ቢያሠራ ከመኪናው ወለል በላይ 20 ወይም 30 ሣንቲ ሜትር የሚረዝም ግንብ ገንብቶ ይቀራል። እንዲህ ያለው መድረክ ሸክሙን አያስቀርም፤ በአርማታ ማስተካከል ደግሞ ልብስ እንደ ማሳጠር ቀላል አይደለም። አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

የቀረውን ልዩነት የሚያስታርቀው በመኪናውና በመድረኩ መካከል የሚዘረጋ የብረት መሸጋገሪያ ነው። ልዩነቱ 10 ሣንቲ ሜትር ከሆነና መሸጋገሪያው 1 ሜትር ከ20 የሚረዝም ከሆነ፣ ተዳፋቱ ከመቶ 8 ገደማ ስለሚሆን ሰው የጫነ ጋሪ ሊገፋበት ይችላል። ልዩነቱ 30 ሣንቲ ሜትር ከሆነ ግን ከመቶ 25 ይሆናል፤ ይህም ለጋሪ የሚሆን አይደለም። ስለዚህ ሁለት ዓይነት መኪና የሚያስተናግድ መጋዘን አንዱን ክፍል በ1 ሜትር ከ20፣ ሌላውን በ90 ወይም በ95 ሣንቲ ሜትር አድርጎ ሁለት ደረጃ ቢያሠራ አንዱን መካከለኛ አድርጎ ሁለቱንም ከማጣት ይሻለዋል።

በጀርባ ወይስ በጎን?

በሌላ አገር መጻሕፍት የሚታየው መድረክ ለኋላ በር የተዘጋጀ ነው። በእኛ አገር ግን ብዙው መኪና ስፖንዳው በጎን የሚከፈት ነው፤ ተሳቢ የሚጎትተው መኪና ደግሞ ተሳቢው ካልተፈታለት በቀር በኋላ በኩል ወደ መድረክ ሊጠጋ አይችልም። ስለዚህ የተሳቢ ደንበኛ ያለው ነጋዴ መኪናው በጎኑ ተጠግቶ የሚቆምበት ረጅምና ቀጥ ያለ መድረክ ያስፈልገዋል። ስፖንዳው ሲከፈት ወደ ታች ስለሚታጠፍ፣ መድረኩ ከመኪናው ወለል ከ5 እስከ 10 ሣንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ አለዚያ ስፖንዳው ከመድረኩ ጋር ይጋጫል።

ኮንቴይነር ለሚቀበል ሰውም አንድ ማስታወሻ ይገባል። የኮንቴይነር በር ወደ ውጭ የሚከፈት ስለ ሆነ፣ መኪናው ወደ መድረኩ ከመጠጋቱ በፊት በሮቹ ተከፍተው በጎንና በጎኑ መታሰር አለባቸው። ለዚህም በመኪና መቆሚያዎቹ መካከል በቂ ስፋት ሊተው ይገባል፤ ለአንድ መኪና 4 ሜትር መመደብ መልካም ነው።

ስለ ቦታው አቀማመጥና ስለ ውኃ

ቀደም ሲል የተጠቀሰው የኮልፌ ተዳፋት ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። ለጥ ባለ መሬት ላይ መድረክ የሚሠራ ሰው የመጋዘኑን ወለል በሙሉ በ1 ሜትር ከ20 ሞልቶ ማንሣት ወይም የመኪናውን መቆሚያ ቆፍሮ ማውረድ አለበት። በተዳፋት ላይ የሚሠራ ሰው ግን መጋዘኑን በላይኛው ደረጃ፣ የመኪናውን መቆሚያ በታችኛው ደረጃ አድርጎ ቢነድፍ፣ ከላይ የተቆረጠው አፈር ለሙሌት የሚሆን ሲሆን ወደ ታች እየተሞላ ከፍታው ያለ ብዙ ወጪ ይገኛል። ይህ የሚሆነው ግን መድረኩ ከመጋዘኑ ንድፍ ጋር በአንድነት ሲታሰብ ነው። መጋዘኑ አልቆ ከተሸፈነ በኋላ መድረክ እንጨምር የሚል ሰው የተዳፋቱን ጥቅም አልፎታል።

የመኪናው መቆሚያ ውኃ እንዲወርድ ከመድረኩ ወደ ውጭ ከመቶ 2 ያህል ማዘንበል አለበት፤ ይህም በ12 ሜትር ርዝመት ላይ 24 ሣንቲ ሜትር ነው። ቦታው ግድ ብሎ መቆሚያው ወደ መድረኩ የሚያዘነብል ከሆነ፣ በመድረኩ እግር ሥር በብረት ፍርግርግ የተሸፈነ ቦይ ይሠራ፤ አለዚያ በክረምት ኩሬ ይሆናል። ደግሞም ወደ መድረኩ የሚያዘነብል መቆሚያ የመኪናውን ጭንቅላት ወደ ግድግዳው ያደርሰዋል። ተዳፋቱ ከመቶ 10 ቢሆን ከፍታው 3 ሜትር የሆነ የመኪና ሣጥን ከላይ በኩል 30 ሣንቲ ሜትር ወደ ግንቡ ይጠጋልና መጋዘኑ ክፈፉን ያጣል። የተጠራቀመውን ውኃ ወደ ጎረቤት ግቢ ወይም ወደ መንገድ መልቀቅ ጠብና ቅጣት የሚያመጣ ስለ ሆነ፣ መውረጃው ከሥራው በፊት መታሰብ አለበት።

መኪናው ለመዞር የሚያስፈልገውም ስፍራ በግቢው ውስጥ መገኘት ይገባዋል። መንገድ ዘግቶ የሚያራግፍ መጋዘን ከትራፊክ ፖሊስም ከጎረቤትም ጋር አይስማማም።

ስለ መሠረቱና ስለ ሙሌቱ

የተሰነጠቁ መድረኮች ቢመረመሩ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከአርማታው ሳይሆን ከሥሩ ካለው አፈር ነው። ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የሚሠራ ሰው ዋልካውን ቆርጦ ማውጣትና በገረጋንቲ መተካት አለበት፤ የቁፋሮውን ጥልቀትም መሐንዲስ ይወስን።

የመድረኩ ግንብ ከጥቁር ድንጋይ ወይም ከአርማታ ሊሠራ ይችላል። ግንቡ ከኋላው ያለውን ሙሌትና በላዩ የሚቆመውን ዕቃ ግፊት የሚሸከም ስለ ሆነ እንደ አጥር ግንብ ሊታይ አይገባውም፤ ውፍረቱና ብረቱ በመሐንዲስ ይሰላ። ከግንቡ ጀርባ ጠጠር መሙላትና ከግርጌው በኩል የውኃ ማስወጫ ቀዳዳዎች መተው ያስፈልጋል፤ መውጫ ያጣ ውኃ ግንብ ይገፋልና። ሙሌቱ በ20 ሣንቲ ሜትር ንጣፍ እየተደረገ፣ በመጠኑ ውኃ እየረጠበ፣ እያንዳንዱ ንጣፍ ለብቻው በመሣሪያ ይጠቅጠቅ። አንድ ሜትር አፈር በአንድ ጊዜ አፍስሶ ላዩን ብቻ የሚመታ ሠራተኛ ለዓመቱ የሚሰምጥ ወለል ያበጃል። በሙሌቱ ላይ 25 ሣንቲ ሜትር የድንጋይ ንጣፍ ይደርደር፤ አርማታው በዚያ ላይ ይፈስሳል።

ስለ አርማታው

ሲሚንቶ በአገራችን በድሬዳዋ ፋብሪካ ከተጀመረ ጀምሮ ዛሬ በሙገር፣ በደርባና በሌሎችም ስፍራዎች ይመረታል። በገበያ የሚገኘው በተለይ ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ እነርሱም ኦፒሲ እና ፒፒሲ የሚባሉት ናቸው። ኦፒሲ ቶሎ ይጠነክራል፤ ፒፒሲ ጥንካሬውን ቀስ እያለ ያገኛል። በፒፒሲ የሠራ ሰው ውኃ የማጠጣቱንና የመጠበቁን ቀን ማርዘም አለበት።

ለመድረክና ለመኪና መቆሚያ የሚስማማው ሲ 25 የተባለው ደረጃ ሲሆን፣ ይህም በተለምዶ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋና ሦስት እጅ ጠጠር በመቀላቀል ይገኛል። በዚህ ልክ ለአንድ ሜትር ኩብ አርማታ 360 ኪሎ ያህል ሲሚንቶ ይገባል። ልኩ በአካፋ ሳይሆን በሣጥን ይሁን። ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 40፣ ከፍታው 17 ሣንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ሣጥን 35 ሊትር ይይዛል፤ ይህም የአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ መጠን ነው። ስለዚህ ለአንድ ከረጢት ሁለት ሣጥን አሸዋና ሦስት ሣጥን ጠጠር ይሆናል ማለት ነው።

አርማታን ከሁሉ ይልቅ የሚያበላሸው ውኃ ማብዛት ነው። ሠራተኛው ለመግፋት እንዲቀልለው ውኃ ሲጨምር ሲሚንቶው ይደክማል። በአሸዋው ውስጥ ያለው እርጥበት ታስቦ ለአንድ ከረጢት ከ25 ሊትር አይበልጥ። አሸዋውም ደለል የበዛበት እንዳይሆን በጠርሙስ ይሞከር፤ አሸዋና ውኃ አንድ ላይ ተመትቶ ሲቀመጥ ከላይ የሚረጋው ጭቃ ከመቶ 6 የሚበልጥ ከሆነ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ።

የመድረኩ ወለል ውፍረት 15፣ የመኪናው መቆሚያ 20 ሣንቲ ሜትር ቢሆን ለተለመደው ሥራ ይበቃል። ለመቆሚያው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ20 ሣንቲ ሜትሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይዘርጋ፤ ፌሮው መሬት ላይ እንዳይተኛ ከሥሩ 5 ሣንቲ ሜትር የአርማታ ማነሻ ይደረግለት። ትልቅ አርማታ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ መሰንጠቁ አይቀርም። ብልኃቱ የሚሰነጠቅበትን መስመር ራስ መምረጥ ነው፤ ይኸውም በየ4 ሜትሩ 5 ሣንቲ ሜትር የሚጠልቅ መስመር በማግሥቱ ሳያልፍ መቁረጥና በሬንጅ መሙላት ነው። መቆሚያው ከግንቡ ጋር በሚገናኝበትም ስፍራ እንዲሁ ክፍተት ይተው።

ከፈሰሰ በኋላ አርማታው ቢያንስ ለ7 ቀን፣ ፒፒሲ ከሆነ ከ10 ቀን ላላነሰ ጊዜ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ውኃ ይጠጣ። ከባድ መኪና ከ28 ቀን በፊት አይውጣበት። ሥራው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወራት ቢደረግ ቁፋሮው በውኃ አይሞላም፤ ነገር ግን የበጋው ፀሐይና ነፋስ ቶሎ ስለሚያደርቀው ውኃ ማጠጣቱ ያን ጊዜ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የዕቃው መጠን በምሳሌ

ለሦስት መኪና የሚሆን፣ ርዝመቱ 12፣ ወርዱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 1 ሜትር ከ20 የሆነ መድረክ፣ ከፊቱም 12 ሜትር በ12 ሜትር የሆነ የአርማታ መቆሚያ ይሠራል እንበል። የመድረኩ ወለል 7 ነጥብ 2 ሜትር ኩብ፣ መቆሚያው 28 ነጥብ 8 ሜትር ኩብ፣ ድምሩ 36 ሜትር ኩብ አርማታ ይሆናል። ለዚህም 130 ኩንታል ያህል፣ ማለት 260 ከረጢት ሲሚንቶ፣ 18 ሜትር ኩብ አሸዋና 27 ሜትር ኩብ ጠጠር ያስፈልጋል። ለብክነት ከመቶ 5 ሲጨመር ሲሚንቶው 273 ከረጢት ይሆናል። የገረጋንቲው ሙሌት 80 ሣንቲ ሜትር ሲሆን፣ የግንቡ ውፍረት ሳይቀነስ 38 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። የግንቡ፣ የፌሮውና የጣሪያው ሒሳብ ለብቻው ይጨመራል። ዋጋው ከቀን ወደ ቀን ስለሚለዋወጥ እያንዳንዱ ነጋዴ በዕለቱ ገበያ ያባዛው።

ከዚህ ሒሳብ የሚታየው ነገር መቆሚያው ከመድረኩ ወለል አራት እጥፍ አርማታ መፈለጉ ነው። ገንዘብ ያጠረው ሰው ከመድረኩ ፊት ያለውን 5 ሜትር በአርማታ፣ የቀረውን በተጠቀጠቀ ገረጋንቲና በኮብል ስቶን ቢያሠራ ይችላል። ከሙሌቱ ጥቅጠቃና ከውኃው መውረጃ ግን አንዳች አይቀነስ።

ጥቂት የሚመስሉ ነገሮች

1ኛ፤ የመድረኩ ጠርዝ ብረት ካልለበሰ በመኪና ምት ይፈረፈራል፤ ስለዚህ አርማታው ሲፈስስ የማዕዘን ብረት አብሮ ይቀበር። 2ኛ፤ የጎማ መከላከያ በጠርዙ ይታሰር፤ አሮጌ የመኪና ጎማ እንኳ ከምንም ይሻላል። 3ኛ፤ መኪናው ከመድረኩ ጋር ሲሠራ እንዳይንሸራተት በጎማው ሥር ታኮ ይግባ። 4ኛ፤ ሠራተኛ ከመድረኩ እየዘለለ እንዳይወርድ ደረጃ ይሠራ፤ ጋሪ እንዲወጣም ከተፈለገ 12 ሜትር ሲሄድ 1 ሜትር የሚነሣ መወጣጫ ይደረግ፤ ለ1 ሜትር ከ20 መድረክ ይህ 14 ሜትር ከ40 ይሆናል። 5ኛ፤ ክፈፉ ከመድረኩ አልፎ መኪናውን እንዲሸፍን ይርዘም፤ ከፍታው ግን ከመኪና መቆሚያው 4 ሜትር ተኩል እንዳያንስ። 6ኛ፤ ማራገፉ በሌሊት የሚሆን ከሆነ መብራት ከመጋዘኑ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከመድረኩም በላይ ይተከል።

ስለ ፈቃድ፣ ስለ ኪራይና ስለ ትንሹ ነጋዴ

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ የከተማ ግንባታ በፈቃድ እንዲሆን ተደንግጓል። ስለዚህ መድረክ የሚያሠራ ሰው ቁፋሮ ሳይጀምር የክፍለ ከተማውን የግንባታ ፈቃድ ክፍል ይጠይቅ።

መጋዘኑን የተከራየ ነጋዴ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያሻዋል። በሌላ ሰው ግቢ ውስጥ 270 ከረጢት ሲሚንቶ ቀብሮ በዓመቱ ልቀቅ ከተባለ ጥቅሙ ለባለ ግቢው ይቀራል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው። እንግዲያውስ የሥራውን ወጪ ማን እንደሚከፍል፣ ከኪራዩ ይታሰብ እንደ ሆነ፣ ኪራዩ ለስንት ዓመት እንደሚጸና በጽሑፍ ተዋውሎ መጀመር ይገባል።

ባለ ሱቁ ለብቻው የአርማታ መድረክ ማሠራት ባይችል ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፣ ከብረት የተሠራ ተንቀሳቃሽ መወጣጫ ማበጀት ነው። ሁለተኛውና የሚሻለው፣ በአንድ ግቢ ወይም በአንድ መንገድ ያሉ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ መድረክ በጋራ ማሠራት፣ የአጠቃቀሙንም ሰዓት በደንብ መወሰን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ተብሏልና።

በጠቅላላው ሲታይ፣ የመድረክ ጥቅሙ መሠራቱ ብቻ ሳይሆን በልኩ መሠራቱ ነው። ይህን ሥራ የሚያስብ ነጋዴ ከሲሚንቶው በፊት ሜትር ይግዛ፤ ከግንቡ በፊት ውኃው የሚወርድበትን ይመልከት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በደጁ ጆንያ ተሸክሞ የሚመላለሰውን ሰው ስንት ኪሎ እንደ ተሸከመ በሚዛን አይቶ ይወስን። ይህን ያደረገ እንደ ሆነ ዕቃው ሳይጎድል፣ መኪናው ሳይዘገይ፣ ሠራተኛውም በጤና ወደ ቤቱ ይገባል።